ከመንገድ ሥር የወጣ ሚዶ



ባለፈው ነሐሴ ማህበራችን ልጆቻችንን ይዞ ከሊድስ ወደ ዮርክ የሄደ ጊዜ ብዙዎቻችሁ አብራችሁን ነበራችሁ። ዝናብ አባሮን ጆርቪክ የሚባለው ሙዚየም ውስጥ ገባን። በትንሽ ጋሪ አስቀምጠው የጥንቱን የቫይኪንጎች መንደር ያስጎበኙናል፤ ሽታው ሳይቀር ተሠርቶ ስለነበር ግማሾቻችን በነጠላችን አፍንጫችንን ይዘን ነው የጨረስነው። ስንወጣ ትንሿ ልጄ አንድ መስታወት ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የአያቴ ሚዶ ነው!» አለች። እውነትም ይመስላል። ቀለሙ ቡናማ፣ ጥርሱ በአንድ ወገን፣ ጀርባው ላይ ክብ ክብ ጌጥ። ቀጥላ «ማን ሠራው?» አለችኝ። የዮርኩንም አላውቅ፣ የእናቴንም አላውቅ። ዝም አልኩ።

ያ ጥያቄ ክረምቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋስኩ አነበብኩ። የማህበራችን ጸሐፊ ያገኘሁትን እንድጽፈው ስላዘዘችኝ ይኸው። ዓመታቱን የምጽፈው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀንዱ። እኛ አገር ቀንድ ስንል የበሬውን፣ የፍየሉን፣ የአጋዘኑን ነው የምናስበው። እሱ እንደ ጥፍር ያለ ነገር ሲሆን ውስጡ ባለው አጥንት ላይ እንደ ጓንት ይለበሳል፤ እንስሳው እስኪሞት አብሮት ይኖራል። ዋንጫ የምንሠራው አጥንቱን አውጥተን ነው፤ ሙቀት ሲያገኝም ይለሰልሳል። የአውሮፓው ቀይ አጋዘን ቀንድ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ራሱ አጥንት ነው፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ወንዱ በየዓመቱ በክረምቱ መጨረሻ ጥሎት እንደገና ያበቅላል። ለዚህ ዓይነቱ ቀንድ በአማርኛ የተለየ ስም የለንም፤ እንስሳውም በምድራችን የለም። ከተራ አጥንት ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሲታጠፍና ሲመታ ቶሎ አይሰበርም። ለሚዶ ጥርስ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ፀጉር ሲፈታ ጥርሱ ተሰብሮ እጇ ላይ የቀረባት ሁሉ ታውቀዋለች።

ሁለቱን ቀንዶች መሬት ውስጥም መለየት ይቻላል። የበሬ ቀንድ ይበሰብሳል፤ የአጋዘኑ፣ አጥንት ስለሆነ፣ ይቆያል። ዮርክ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የቀንድ ሠራተኞች የሠሩበት ሆርንፖት ሌን የሚባል ጠባብ መንገድ እስካሁን አለ።

የዮርክ መንገዶች ስም ነገር መቼም ይገርማል። ብዙዎቹ «ጌት» በሚል ያልቃሉ፤ በር ማለት ግን አይደለም። በቫይኪንጎቹ ቋንቋ «ጋታ» መንገድ ማለት ነበር፤ ከተማዋን በ866 ከያዙ በኋላ ቃላቸው ቀርቷል። ሙዚየሙ ያለበት ኮፐርጌት ትርጉሙ የኩባያ ሠሪዎች መንገድ ነው፤ በእንጨት ኩባያና ጎድጓዳ ሳህን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩበት። አዲስ አበባ ላይ ሠራተኛ ሰፈር እንደምንለው መሆኑ ነው። ሰው ሲያልፍ ሙያው በሰፈር ስም ላይ ይቀራል።

ሚዶዎቹ እንዴት ወጡ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ማንም ፈልጓቸው ሳይሆን መሬት ስለተቆፈረ ነው። በ1880ዎቹ በዚያው አካባቢ ክሊፎርድ ስትሪት የተባለው አዲስ መንገድ ሲወጣና ዳርና ዳሩ ላይ ቤት ሲሠራ የቫይኪንግ ዘመን ዕቃ ከጭቃ ይወጣ ጀመር። የቀን ሠራተኞቹ በአካፋ ያወጡትን ነው ያኔ የተሰበሰበው፤ አካፋ ያላየው ከአፈሩ ጋር ተጓጉዟል። ትልቁ ቁፋሮ የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ኮፐርጌት ላይ ክሬቭንስ የሚባል የከረሜላ ፋብሪካ ነበረ። እሱ ፈርሶ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሲታሰብ የዮርክ አርኪዮሎጂ ተቋም ባለሙያዎች ከ1976 እስከ 1981 ቆፈሩት። ከ40,000 በላይ ዕቃ ወጣ። የሱፍ ካልሲ፣ የሐር የራስ ሽፋን፣ ጫማ፣ እንዝርት ላይ የሚደረግ ቀለበት። እንዲህ ያለ ነገር ሺህ ዓመት ሊቆይ የቻለው ጭቃው እርጥብ ስለሆነና አየር ስለማይገባው ነው። አየር ከሌለ የሚያበሰብሱት ተሐዋሲያን አይሠሩም።

ከዕቃዎቹ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ አጥሩ ነው። አራት ረዣዥም ጠባብ ቦታዎች ነበሩ፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸው ወደ ወንዙ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሰመረው ወሰን እስከ ዘመናችን ድረስ ብዙም ሳይነቃነቅ ኖሯል። ቤቱ ሲፈርስ ሲሠራ፣ ጎረቤት ሲለዋወጥ፣ የአጥሩ መስመር እዚያው። የወሰን ክርክር በሽማግሌ ሲታይ ያደገች ሰው ይህን ስታነብ ሳቋ ይመጣል።

አሁን ዮርክ ውስጥ መንገድ መቆፈር እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1979 በወጣው ሕግ መሠረት አምስት ከተሞች፣ ዮርክ፣ ካንተርበሪ፣ ቼስተር፣ ኤክሰተርና ሄርፈርድ፣ ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ተብለው ተለይተዋል። እዚያ ለውኃ ቧንቧም ሆነ ለመብራት ገመድ መሬት የሚነካ ሥራ ያለው ከስድስት ሳምንት በፊት ማስታወቅ አለበት፤ ባለሙያ ገብቶ ማየት እንዲችል። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ ሲቀየርብን የምናማርረው እኛ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብሩሽ ይዛ የተንበረከከች ሴት ብናይ እንግዲህ ምን እንደምትሠራ እናውቃለን።

ሚዶው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። የአጋዘን ቀንድ እንደ እንጨት አንድ ትልቅ ሳንቃ አይወጣውም፤ ጠባብ ነው፤ መሐሉም እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነው። ጥርሱ እንዳይሰበር ደግሞ የቀንዱ ጭረት በጥርሱ ርዝመት ልክ መሄድ አለበት። ስለዚህ ሠሪው ቀንዱን በመጋዝ ቆራርጦ ትናንሽ ጠፍጣፋ ቁራጮች ያወጣል፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እነሱን ጎን ለጎን ይደረድራል። ከዚያ ሁለት ረዣዥም የቀንድ ዘንጎችን ከፊትና ከኋላ አድርጎ እንደ ሳንድዊች ይይዛቸዋል፤ ይበሳቸዋል፤ በብረት ወይም በመዳብ ምስማር አሳልፎ ጫፉን ይቀጠቅጠዋል። ማጣበቂያ የለውም። ጥርሱን በመጋዝ የሚያወጣው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ከተያያዘ በኋላ ነው። ይህን በምን አወቁ? መጋዙ አንዳንዴ አልፎ ዘንጉን ይጭረዋል፤ ያ ጭረት በብዙ ሚዶዎች ላይ ይታያል። ሙዚየም የምትሄዱ ከሆነ ፈልጉት። የአንድ ሰው እጅ ትንሽ የሳተበት ቦታ ነው።

ባለሙያዎቹን ብዙ ያስተማራቸው ግን ያማረው ሚዶ አይደለም፤ ቁራጩ ነው። ሚዶ ተገዝቶ አገር ላገር ይሄዳል፤ ተገኘበት ማለት ተሠራበት ማለት አይደለም። ፍርፋሪው ግን ከሠሪው እግር ሥር አይርቅም። በመጋዝ የተቆረጠ የቀንድ ጫፍ፣ ተወርውሮ የቀረ ግርጌ፣ ተሰብሮ የተተወ ጥርስ የሌለው ሳንቃ፤ እነዚህ ተከማችተው ሲገኙ እዚህ ቦታ ሰው ተቀምጦ ሠርቷል ማለት ነው። ደብሊን ከተማ ውስጥ ሃይ ስትሪት ላይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ እንዲህ ያለው የሚዶ ሠሪዎች ጥራጊ እጅግ በብዛት ነው የወጣው። የባለቤቱን ታሪክ ከዕቃው፣ የሠራተኛውን ታሪክ ከጥራጊው ታገኙታላችሁ። በሰው ቤትና በቢሮ ጽዳት ለኖርነው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ግርጌው ሌላም ነገር ይናገራል። አጋዘን ቀንዱን ራሱ ሲጥል ከታች ወፍራም ቀለበት ይዞ ለስላሳ ሆኖ ይወልቃል፤ ታድኖ ከሆነ ግን የራስ ቅሉ ቁራጭ አብሮ ይቆረጣል። በዮርክም በደብሊንም ከተገኘው አብዛኛው ራሱ የወለቀ ነው። እንግዲህ የሚዶ ሥራ የሚጀምረው ከአዳኝ ሳይሆን ከለቃሚ ነው። በፀደይ መግቢያ ጫካ ለጫካ እየዞረ የወደቀ ቀንድ የሚለቅም ሰው ነበረ። ቶሎም መድረስ አለበት፤ አጋዘኖቹ ራሳቸው የጣሉትን ቀንድ በውስጡ ላለው ማዕድን ሲሉ ያኝኩታልና። እንጨት ለቀማ፣ ኩበት ለቀማ የወጣች ሁሉ ያንን ሰው በዓይነ ኅሊናዋ ታየዋለች።

ለምን ይህን ያህል ሚዶ አስፈለገ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅማል። ከኮፐርጌት አፈር ውስጥ የሰው ቅማልና ቁንጫ በአጉሊ መነጽር ተገኝቷል። ሌላው ማማር ነው። ሚዶ በሴቶችም በወንዶችም መቃብር ውስጥ ይገኛል። ዎሊንግፎርድ በሚባል ቦታ የነበረ ዮሐንስ የተባለ የ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ጸሐፊ፣ ዴኖቹ በየቀኑ ፀጉራቸውን እያበጠሩ፣ በየቅዳሜው እየታጠቡ የእንግሊዞቹን ሚስቶችና ሴት ልጆች ያስኮበልሉ ነበር ብሎ ያማርራል። የራሱን ወገኖች ታጠቡ ብሎ እንደመምከር! ከእሱ ቀደም ሲል በ922 ገደማ ከባግዳድ የተላከው ኢብን ፈድላን በቮልጋ ወንዝ ዳር ያገኛቸውን የሩስ ነጋዴዎች ጠዋት ሲታጠቡ አይቷል። አንዲት ገረድ በትልቅ ገበታ ውኃ ይዛ ትመጣለች፤ ጌታዋ እጁንና ፊቱን ይታጠባል፤ ፀጉሩን እዚያው ገበታ ላይ በሚዶ ያበጥራል፤ ይናፈጥበታል፤ ከዚያ ያንኑ ውኃ ይዛ ወደሚቀጥለው ሰውዬ ትሄዳለች። አንባቢዎች ሁሉ የሚጸየፉት ውኃውን ነው። እኔ ያየሁት ልጅቷን ነው። ሚዶው ሙዚየም ገብቷል፤ ገበታውን ይዛ ከሰው ወደ ሰው የዞረችው ግን በዚያች አንድ መስመር ብቻ ነው ያለችው።

አሁን ወደ ሰሜን ላሻግራችሁ፤ ቀንዱ ራሱ ስለሚወስደን ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሪበ የምትባል የጥንት የገበያ ከተማ አለች። እዚያ ከተደረገ ቁፋሮ በ800 ገደማ የተሠራ ሚዶ ወጣ፤ ሩን በሚባለው የቫይኪንጎች ፊደል ተጽፎበታል። በአንዱ ጎን «ማበጠሪያ»፣ በሌላው ጎን «ማበጠር» ይላል። ስሙና ግሡ፣ ልክ እንደ እኛ ቋንቋ ከአንድ ሥር የወጡ። ጽሑፍ ለማጅ ልጅ ያደረገው ይመስለኛል፤ ወይም ቀልደኛ ሰው።

የሪበ ጥራጊ ሌላ ምስጢር ነበረው። የቀንድ ቁራጭ ሲሠራ መልኩ ስለሚጠፋ የየትኛው እንስሳ መሆኑን በዓይን መለየት ያስቸግራል። አሁን ግን ከዕቃው ላይ ቅንጣት ያህል ወስደው ውስጡ ያለውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ይመረምራሉ፤ ቀይ አጋዘን ይሁን ሬንዲር ይለያል። በ2015 የታተመ ጥናት ሪበ ውስጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የሬንዲር ቀንድ እንደነበረ አሳየ። ሬንዲር ደግሞ ዴንማርክ የለም፤ ከኖርዌይና ከስዊድን ተራሮች ነው። እንግሊዞች የቫይኪንግ ዘመን ብለው የሚቆጥሩት በ793 ሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈ ጀምሮ ነው። ይህ ቁራጭ ግን ከሰይፉ አስቀድሞ ንግዱ ባሕር ተሻግሮ እንደነበረ ይናገራል። በ2023 ደግሞ ሄደቢ የምትባለው፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያለችው የንግድ ከተማ ሚዶዎች ተመረመሩ። ከመቶ ከ85 እስከ 90 የሚሆኑት የሬንዲር ሆነው ተገኙ። እዚያው ከተማ ውስጥ የተጣለው ጥራጊ ግን ከሞላ ጎደል የሬንዲር አይደለም። እንግዲህ አስቡት፤ ሚዶዎቹ ተሠርተው ያለቁ ሆነው ነው ከሰሜን የመጡት። ጥራጊው ባይመረመር ኖሮ የሄደቢ ሠሪዎች ሠሯቸው ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ሰሜኑ ማነው? በ9ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኦታር የሚባል የሰሜን ኖርዌይ ባለጸጋ እንግሊዝ መጥቶ ለንጉሥ አልፍሬድ አገሩን ተረከለት፤ የንጉሡ ሰዎች ጻፉት። ስድስት መቶ ለማዳ ሬንዲር አለኝ አለ። ሀብቴ ግን በዋነኛነት ሳሚዎች የሚገብሩልኝ ነው አለ፤ ቆዳ፣ የወፍ ላባ፣ የዓሣ ነባሪ አጥንት፣ የመርከብ ገመድ። እያንዳንዱም እንደ ማዕረጉ ይገብራል ብሎ ዘረዘረ። ሳሚዎቹ በሰሜኑ የሬንዲር አገር የኖሩ፣ ዛሬም ያሉ ሕዝብ ናቸው። ኦታር በስሙ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፤ የጉዞውን ቀን ሳይቀር፣ ከስኪሪንግሳል ወደ ሄደቢ አምስት ቀን በመርከብ ብሎ አስቆጥሯል። ገባሪዎቹ በስም አልተነሡም።

ስለ ሠሪዎቹ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ክሪስቲና አምብሮሲያኒ የተባለች ስዊድናዊት ምሁር በ1981 ባሳተመችው ሥራ፣ ሚዶዎቹ ከአገር አገር ይህን ያህል የሚመሳሰሉት ሠሪዎቹ ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ስለነበሩ ነው አለች። ሌሎች ደግሞ እንደ ዮርክና ደብሊን ባሉ ትልልቅ ከተሞች የተከማቸውን ጥራጊ እያሳዩ፣ ይህ አልፎ ሂያጅ ሰው የሚጥለው አይደለም ይላሉ። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለቱም ነበሩ እላለሁ። ከእኛም ውስጥ ሱቅ ተከራይታ ሹሩባ የምትሠራ አለች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሰው ቤት እየዞረች የምትሠራም አለች። አሠራሩ አንድ ነው።

አንድ ሠሪ ግን ስሙን ሊነግረን ፈልጓል። ከሊንከን ከተማ የተገኘ፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለ የሚዶ ማኅደር ላይ፣ ቶርፋስት ጥሩ ሚዶ እንደሠራ በሩን ተቀርጿል። ሚዶው ጠፍቶ ማኅደሩ ነው የቀረው። ቢሆንም ሰውዬው በሥራው ኮርቶ ስሙን ጻፈ፤ ማንም አልከለከለውም።

ይህን ሳነብ ነው ያፈርኩት። እኛ አገር ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ምን እንል እንደነበር ታውቃላችሁ። ማሰሮዋን ገዝተን ቤቷ ውኃ አንጠጣም። ዓይኗን እንፈራለን፤ ልጇን አናገባም። በእጃቸው ሥራ ውኃ ቀድተን፣ አርሰን፣ ተኝተን፣ ፀጉራችንን አበጥረን አደግን።

ልጄ ያነሣችውን ይዤ ባለፈው ወር እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ያ የቀንድ ሚዶሽ ማን ሠራው?» አልኳት። ሳቀች። «ምነው፣ ልትሸጪው ነው?» አለች። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ ከቅዳሜ ገበያ ነው አለች፤ ከጨው ሻጮቹ አለፍ ብሎ የሚቀመጥ ቀንድ ሠሪ ነበረ፣ ዋንጫና ሚዶ ይሸጥ ነበር፣ ሰው እየቆመ እንጂ አጠገቡ አይቀመጥም። ስሙን ጠየቅኋት። «የፋቂው ልጅ ነበር የምንለው» አለችና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል፣ «ቆይ» አለችኝ። «እሱ ቀንዱን እሳት እያሳየ ነበር የሚያቃናው። ጥርሱን ትሞርድ የነበረችው ግን ሚስቱ ናት። ልጅ አዝላ።»

ለሚቀጥለው የማህበራችን ስብሰባ ሚዶውን በሚመጣ ሰው እንድትልክልኝ ለምኛታለሁ። ቤታችሁ የቀንድ፣ የሸክላ፣ የሰፌድ ዕቃ ያላችሁ አብራችሁ ይዛችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን የሚያስታውስ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ ማን እንደሠራው ጠይቁ፤ መዝገብ ይዤ እጠብቃችኋለሁ።